የትኛው ድልድይ ይቅደም?

ከኮንሶ ተነስቶ ወደ ጂንካ የሚያቀና መኪና ወይጦን ይሻገራል፣ ቀይ አፈርን ያልፋል፣ ከዚያ ወደ አሪ ደጋ ግርጌ ይወጣል። በመንገዱ ያሉት ድልድዮችና ካልቨርቶች (ከመንገድ ሥር ያሉ የውሃ ማሳለፊያዎች) ለተሳፋሪው ሁሉም አንድ ናቸው። ለሚጠግናቸው ግን ባለቤታቸው ይለያያል። ዋናው መንገድ የፌዴራሉ የመንገዶች አስተዳደር ነው፤ ከሱ የሚገነጠለው የክልሉ ወይም የወረዳው ይሆናል፤ ከተማ ውስጥ ያለው የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ስለዚህ አንድ ድልድይ ሲሰነጠቅ ከጉዳቱ መጠን በፊት የሚጠየቀው «የማን ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቢያስቅም ገንዘቡ የሚመጣው በዚያው በር ነው። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ በዋናነት ከነዳጅ የሚሰበስበውን የጥገና ገንዘብ ለፌዴራል፣ ለክልሎችና ለከተሞች ሲያከፋፍል ትንሹ ድርሻ የከተሞች ነው።

ትንሽ ገንዘብ ይዞ ብዙ ድልድይ ያለው ማዘጋጃ ቤት ታዲያ ከየት ይጀምር? ብዙ ሰው «ካረጀው» ይላል። ዕድሜ ግን ክፉ መለኪያ ነው። በኒውዮርክ ግዛት የነበረው የስኮሃሪ ክሪክ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1987 ተደርምሶ 10 ሰዎች ሲሞቱ ገና አርባ ዓመት አልሞላውም ነበር። የጣለው እርጅና አልነበረም፤ ጎርፍ የምሰሶውን ሥር ቦርቡሮ አፈሩን ይዞት ሄዶ ነው። በዓለም ላይ ከሚወድቁ ድልድዮች ብዙዎቹ የሚወድቁት በዚህ መንገድ ነው። ድልድይ በዚህ ጥርስን ይመስላል፤ ላዩ ነጭ ሆኖ ሥሩ ይነቃነቃል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው መሐንዲስ ከላይ ቆሞ የመደገፊያውን ብረት ከመነቅነቅ ይልቅ ጫማውን አውልቆ ወደ ወንዙ የሚወርደው። መሠረቱ ተራቁቷል? ውሃው አቅጣጫውን ቀይሮ የዳር ግንቡን እየመታ ነው? ግንድና ቅርንጫፍ ተጠላልፎ መተላለፊያውን ዘግቷል? ከኮንክሪቱ ሥር የዛገ ብረት ብቅ ብሏል? ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል።

ነጥቡ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ፣ ድልድዩ ቢወድቅ ማን ምን ያጣል የሚለው ነው። ሁለት ድልድዮች አሉ እንበል። አንዱ መደገፊያው የረገፈ፣ አስፋልቱ የተላጠ፣ አይን የሚያስቀይም ነው፤ አጠገቡ ግን ሌላ መሻገሪያ አለው። ሁለተኛው ያምራል፤ ምሰሶው ሥር ግን ሰው የሚያስገባ ጉድጓድ አለ፤ ከሱ ወዲያ ያሉት ቀበሌዎች ወደ ሆስፒታል የሚያደርሳቸው ሌላ መንገድ የላቸውም። መቅደም ያለበት ሁለተኛው ነው። ስብሰባ ላይ አቤቱታ የሚበዛው ግን በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ይታያል።

የተጠቃሚውን ቁጥር መቁጠርም የራሱ ብልሃት አለው። በደቡብ ኦሞና በአሪ ትራፊክ የገበያ ልጅ ነው። የቱርሚ ገበያ ሰኞ፣ የቀይ አፈር ሐሙስ፣ የዲመካና የጂንካ ቅዳሜ ይደምቃል። ረቡዕ ቆሞ መኪና የቆጠረ ሰው «ይህ ድልድይ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሊመለስ ይችላል። በገበያ ቀን ያ ድልድይ ሞተር ሳይክል፣ አህያ፣ የፍየል መንጋና ቅል የተሸከሙ ሴቶች ይጎርፉበታል። መኪና ብቻ የሚቆጥር ቅጽ እነዚህን ሁሉ ዜሮ ይላቸዋል።

የጊዜው ነገርም አለ። በሰሜንና በመሃል አገር ልማድ ድልድይ የሚፈተሸው ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ ነው። በደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፤ በመስከረምና በኅዳር መካከል ሁለተኛው ይከተላል። ከዚህም ሌላ ደጋ ላይ የዘነበው ውሃ ቆላ ሲደርስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊሆን ይችላል። ሐመር ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሚመስለው ወንዝ ድንገት የሚሞላው ለዚህ ነው። ለጥገና የሚመቸው ደረቁ ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ደግሞ ሐምሌ 1 ነው። ጨረታው እስከ ጥር ከተጓተተ፣ ሥራው ዝናብ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ሲሚንቶውም ገንዘቡም አብሮ ይታጠባል።

የወንዙ የድሮ ልኬት ራሱ ላይታመን ይችላል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ዳሰነች ላይ ሞልቶ ከ360 በላይ ሰው ገድሏል። ከዚያ ወዲህ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ተገንብቶ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የወንዙ ጠባይ ተለወጠ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የቱርካና ሐይቅ መስፋት ለኦሞራቴ ሌላ ስጋት ሆኗል። ድልድይ ሲሠራ የተለካው ውሃ፣ ድልድዩ በሚያገለግልበት ጊዜ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

የጥገና ተራው ያልደረሰውን አደገኛ ድልድይ መዝጋት ሲባል ሁሉም ይደነግጣል፤ መዝጋት ግን ደረጃ አለው። መጀመሪያ ከባድ መኪና ይከለከላል፤ ቀጥሎ በአንድ መስመር ብቻ ይታለፋል፤ መጨረሻ ለመኪና ይዘጋል። ለመኪና ተዘጋ ማለት ለሰው ተዘጋ ማለት አይደለም። አባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ከተሰበረ በኋላ ሰዎች በገመድ እየተጎተቱ ይሻገሩ ነበር፤ በመጨረሻ መፍትሔ የሆነው ለእግረኛ የተሠራ ተንጠልጣይ ድልድይ ነው። ለአንዳንድ የገጠር መሻገሪያ ይህ ከከባድ የኮንክሪት ድልድይ ይልቅ ይበቃል፤ ዋጋውም ያነሰ ነው። ክልከላው ግን በሰሌዳ ብቻ ከቀረ ከንቱ ነው፤ ጠባብ የብረት በር ያልተተከለበት የክብደት ገደብ ማንም አይሰማውም።

የድልድይ ቅደም ተከተል መቼም ከጩኸት አያመልጥም፤ ድምፁ የጎላው ቀበሌ ድልድዩን ወደ ላይ ያስመዘግባል። መሐንዲሱን ከዚህ የሚከላከለው የተጻፈ ነጥብ ብቻ ነው። የጂንካና የአካባቢዋ ወረዳ ምክር ቤቶች ከሐምሌ 1 በፊት የድልድዮቻቸውን ዝርዝር ከነነጥቡ ያጽድቁ፤ ዝርዝሩንም ሕዝብ በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት።