የኢንተርኔት አጠቃቀምና መቻቻል በሐዲያና በከምባታ ከተሞች

በሆሳዕና ወይም በዱራሜ የሕሙማን መኝታ ክፍል ተረኛ ሆኖ ያደረ ባለሙያ፣ አስታማሚዎች በደቡብ አፍሪካ ከሚኖር ልጅ ወይም ወንድም ጋር በስልክ እየተያዩ ሲነጋገሩ ማየቱ አይቀርም። ከእነዚህ አካባቢዎች በርካታ ወጣቶች ወደዚያ ተሰደዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2015 በዚያች አገር በውጭ ተወላጆች ላይ ጥቃት ተፈጽሟል። በመሆኑም ለባዕድ የሚደረግ ጥላቻ ለብዙ ቤተሰብ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ታዲያ ኢንተርኔት የሰውን መቻቻል ያዳብራል ወይስ ያጠፋል? ጥናቶች አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ፌስቡክን ለአራት ሳምንታት ያቋረጡ ሰዎች በፖለቲካ ጉዳዮች ላይ የነበራቸው የአመለካከት መራራቅ ቀንሶ ታይቷል። በአንጻሩ በቦስኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 የስሬብሬኒጻ እልቂት በሚታሰብበት ሳምንት ፌስቡክን ያቋረጡት፣ ካላቋረጡት ይልቅ ለሌሎች ብሔረሰቦች ያላቸው አመለካከት የከፋ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም በይበልጥ የታየው የአንድ ብሔረሰብ ሰዎች ብቻ በሚበዙበት ቦታ በሚኖሩት ላይ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ወሳኙ ነገር መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ሰው በስልኩም ሆነ በደጁ ከማን ጋር እንደሚገናኝ መሆኑን ነው።

የፊት ለፊት ግንኙነት ያለውን ኃይል ከምባታ አሳይታናለች። ዶ/ር ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረቱት ኬ.ኤም.ጂ. የተባለው ድርጅት ሽማግሌዎችን፣ ሴቶችንና ወጣቶችን በማኅበረሰብ ውይይት በማቀራረቡ፣ ብዙ ቤተሰቦች የሴት ልጅ ግርዛትን ትተዋል። ይህ ለውጥ የጀመረው ኢንተርኔት በአካባቢው ሳይስፋፋ ነው።

ይሁን እንጂ በሸክላና በቆዳ ሥራ የሚተዳደሩ ጎረቤቶቻችን ለረጅም ዘመን ከጋብቻና ከማዕድ ተገልለው ኖረዋል። ስልክ የሩቁን ወንድም ቢያቀርብም፣ የቅርቡን ጎረቤት በራሱ አያቀርብም።

ስለዚህ ስለ ኢንተርኔት አጠቃቀም ስንመክር፣ «ስንት ሰዓት?» ብቻ ሳይሆን «ከእነማን ጋር?» ብለንም እንጠይቅ። አንድ አስታማሚ «አልጋችን ከእነርሱ አጠገብ አይሁን» ቢለን፣ አልጋ የሚደለደለው በሕመም ዓይነትና ክብደት መሆኑን በትሕትና እናስረዳ፤ ጥያቄውንም አንቀበል። ከዚያም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጠይቀው፦ «በሰው አገር ያለው ወንድምዎ ታሞ ቢተኛ፣ አጠገቡ ያለው ሰው እንዲህ ቢል ምን ይሰማዎታል?»