ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት እና የጀልባው ባትሪ

በታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ሠርግ ሲደገስ ከድንኳኑና ከጠላው እኩል የሚታሰብበት ነገር ሞንታርቦ ነው፡፡ (ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ድምፅ መሣሪያ አምራች ስም መሆኑን ብዙዎቻችን ረስተነዋል፤ ለእኛ ማንኛውም ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሞንታርቦ ነው፡፡) መብራት ከጠፋ ወይም ሠርጉ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ ከሆነ፣ ጭፈራው ሁሉ በአንድ የመኪና ባትሪ ላይ ይወድቃል፡፡ የጉናን ግርጌ አልፈው፣ በደብረ ታቦር በኩል ባሕር ዳር ሲደርሱ ጣና ላይ ጎብኚ የሚያመላልሰው ባለ ሞተር ጀልባም ያው ችግር አለበት፤ 12 ቮልት ባትሪ፣ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ የሌለው ሜዳ፣ እና ጩኸት የሚፈልግ ደንበኛ፡፡ ልዩነቱ በድንኳኑ ባትሪው ቢያልቅ ጭፈራው ይቋረጣል፤ በሐይቁ ላይ ግን ያው ባትሪ ሞተሩንም የሚያስነሳ ከሆነ ሰው ውኃ መሀል ይቀራል፡፡

ለመሆኑ አምፕሊፋየር እንዴት ይመረጣል? አብዛኛው ገዢ የሚያየው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ነው፡፡ «1000 ዋት»፣ «2000 ዋት» ይላል፡፡ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ መሣሪያው ለቅጽበት ሊያወጣ ይችላል የተባለው ጣሪያ እንጂ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ጉልበት አይደለም፡፡ ሊጠየቅ የሚገባው «አር.ኤም.ኤስ.» የሚባለው፣ ማለትም የማያቋርጠው ዋት ነው፡፡ ሻጩ ካላወቀ ወይም ካልነገረዎ አምፕሊፋየሩን ያዙሩና ፊውዙን ይመልከቱ፡፡ ፊውዝ እንደ ካርቶን አይዋሽም፡፡ 25 አምፔር ከሆነ፣ ሞተር እየሠራ ባትሪው 14 ቮልት ቢሰጥ እንኳ ወደ ውስጥ የሚገባው ከ350 ዋት ብዙም አይበልጥም፡፡ ከዚህ ውስጥ «ክላስ ዲ» የሚባለው ዓይነት 80 በመቶ ያህሉን ወደ ድምፅ ማጉያው ያሳልፋል፤ 280 ዋት ማለት ነው፡፡ «ክላስ ኤቢ» የሚባለው የቆየው ዓይነት ደግሞ ግማሽ ያህሉን በሙቀት መልክ ያባክናል፡፡ ስለዚህ «1000 ዋት» የተጻፈበት፣ 25 አምፔር ፊውዝ ያለው መሣሪያ አንድ ሺሕ ዋት ከየትም አያመጣም፡፡ በባትሪ ለሚሠራ ሰው ክላስ ዲ መግዛት የሚያከራክር አይመስለኝም፡፡

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፡፡ ጀልባው እያንዳንዳቸው 60 ዋት አር.ኤም.ኤስ. የሚችሉ አራት ድምፅ ማጉያዎችና 250 ዋት የሚችል አንድ ሳብ ዉፈር (ቤዝ) አሉት እንበል፡፡ ለአራቱ በእያንዳንዱ መስመር ከ60 እስከ 75 ዋት የሚሰጥ ባለ አራት መስመር፣ ለቤዙ ደግሞ ከ250 እስከ 300 ዋት የሚሰጥ ባለ አንድ መስመር አምፕሊፋየር ይበቃል፡፡ ዋቱ እንደ ኦሙ ስለሚለያይ፣ ድምፅ ማጉያው 4 ኦም ከሆነ የአምፕሊፋየሩንም ቁጥር በ4 ኦም ያንብቡ፡፡ ሁለት ባለ 4 ኦም ድምፅ ማጉያዎችን በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ማሰር 2 ኦም ይፈጥራል፤ ለዚያ ያልተሠራ አምፕሊፋየር ይግላል፣ አንዳንዴም ይቃጠላል፡፡ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ለቤዙ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለትንንሾቹ የሚያከፋፍለው ማጣሪያም መኖሩን ያረጋግጡ፡፡

ዋት ሲጨምር ድምፁ በዚያው ልክ የሚጨምር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፡፡ ዋቱን እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ልዩነቱን ይሰማዋል፣ ግን «እጥፍ ጮኸ» አይልም፡፡ እጥፍ ጮኸ ለመባል ዐሥር እጥፍ ያህል ዋት ያስፈልጋል፡፡ በመሆኑም በ1 ዋት 87 ዴሲቤል ከሚያወጣ ድምፅ ማጉያ ይልቅ 90 የሚያወጣ መግዛት፣ ባትሪውን ሳይነኩ አምፕሊፋየሩን በእጥፍ እንደማሳደግ ነው፡፡

ወደ ባትሪው እንመለስ፡፡ ያ 490 ዋት በሙሉ ሲወጣ ከባትሪው 50 አምፔር ገደማ ይስባል፡፡ ሙዚቃ ግን ሁልጊዜ ጣሪያ ላይ ስለማይቆም አማካዩ የዚያ አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 10 አምፔር ነው ብንል፣ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹ እስኪያልቅ 5 ሰዓት ያጫውታል፡፡ የተለመደውን የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፡፡ ከባሕር ዳር ዘጌ ደርሶ ለመመለስ ይህ ይተርፋል፡፡ ዋናው ነገር የሙዚቃው ባትሪና የሞተር ማስነሻው ባትሪ አንድ አለመሆናቸው ነው፤ ሁለተኛ ባትሪ ለመግዛት ገንዘብ ካጠረ ቤዙ ይቅር እላለሁ፡፡ የቤት አምፕሊፋየር በኢንቨርተር 220 ቮልት አድርጎ ማሠራትም ኃይል ሁለት ጊዜ ማባከን ነው፡፡

ሽቦው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፡፡ ለ50 አምፔርና ለ4 ሜትር ርቀት 16 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ እውነተኛ የመዳብ ሽቦ ተገቢ ነው፡፡ ላዩን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ወፍራም ቢመስልም ኃይል ይበላል፡፡ ዋናው ፊውዝ አምፕሊፋየሩ ዘንድ ሳይሆን ባትሪው አጠገብ ይታሰራል፤ ሽቦው መሀል ላይ ተልጦ ቢገናኝ እሳቱን የሚያስቀረው እሱ ነውና፡፡

«ለጀልባ የተሠራ» ተብለው በውድ የሚሸጡት በአመዛኙ የተሠሩት ለባሕር ጨው ነው፡፡ የጣና ውኃ ጨው አልባ ስለሆነ፣ ጥሩ የመኪና አምፕሊፋየር ውኃ በማይረጭበትና ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ከታሰረ ያገለግላል፡፡ ለመቀመጫ ሥር ቁም ሣጥን የተዘጋ ክዳን ግን አያድርጉለት፣ ይታፈናል፡፡ በአንጻሩ ድምፅ ማጉያዎቹ ፀሐይና ፍንጥቅጣቂ ስለሚያገኛቸው እርጥበት የሚችሉ ቢሆኑ ይመረጣል፡፡

ሲገጠም «ጌይን» የተባለው መቆጣጠሪያ የድምፅ መጨመሪያ አለመሆኑን ለጀልባው ሠራተኛ ይንገሩት፡፡ ስልኩ ላይ ድምፁን ሦስት አራተኛ ያህል ከፍ አድርጎ፣ ጌይኑን ቀስ እያለ መጨመርና ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ጥቂት መመለስ ነው፡፡ ቀጫጭኖቹን ድምፅ ማጉያዎች በብዛት የሚያቃጥላቸው ይህ የተሰነጠቀ ድምፅ ነው፡፡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም ወደ ክብራን ገብርኤል ሲጠጉ ደግሞ መሣሪያውን በአንድ ጣት የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ከመሪው አጠገብ ያስገጥሙ፤ ድምፅ ውኃ ላይ ሩቅ ይጓዛል፣ ገዳማውያኑም ሠርግ አልጠሩም፡፡