ያውቁ ኖሯል? ከዳኑብ ዳር እስከ ነቀምቴ አቀበት

● በአውሮፓ ለብስክሌት ሽርሽር ስመ ጥር ከሆኑት መንገዶች አንዱ ከጀርመኗ ፓሳው ተነሥቶ የዳኑብን ወንዝ ዳር ዳሩን ይዞ ቪየና ይገባል። ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ያለው ርቀትም 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ሁለቱ በርዝመት እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል።

● የዳኑቡ መንገድ መጀመሪያ ለብስክሌተኛ የታሰበ አልነበረም። ፈረሶች ጀልባ በገመድ እየጎተቱ ወንዙን ሽቅብ የሚወጡበት ነበር። ሞተር ሲመጣ ፈረሶቹ ጡረታ ወጡ፤ መንገዳቸውን ብስክሌተኛ ወረሰው።

● ከፓሳው ቪየና ድረስ ቁልቁለቱ ሁሉ ቢደመር 150 ሜትር ገደማ ነው። የእኛው መንገድ ግን ጉደር ላይ ይወርዳል፣ ጌዶ ላይ ይወጣል፣ ባኮ ላይ ወደ 1,650 ሜትር ያዘቀዝቃል፤ ነቀምቴ ሲደርስ እንደገና ከ2,000 ሜትር በላይ ነው።

● ነቀምቴ 2,080 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በቱር ደ ፍራንስ ስንቱን ያስለቀሰው የአልፕ ደዌዝ አቀበት የሚያበቃው 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ፈረንጆቹ እያለከለኩ ከሚጨርሱበት ከፍታ በላይ የነቀምቴ ሰው በጠዋት ዳቦ ሊገዛ ይወጣል።

● ከነቀምቴ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ከ700 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የብስክሌት ፍሬን የሚፈተነው እዚህ ነው። ደጋ ለብሰውት የወጡት ሹራብ ዲዴሳ ድልድይ ላይ ይወልቃል፤ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ተራው የማርሽና የጉልበት ነው።

● በቡና ወቅት በዚህ አካባቢ በየደጁ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ የሚሰጣው ቡና በዓለም ገበያ የሚታወቀው በነቀምቴ ስም ነው፤ ነጋዴዎቹ «ለከምቲ» ይሉታል።

● ብስክሌተኛ የሚመኘው ስንቅ በወለጋ ጓዳ ሞልቷል። ጭኮ ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ የሚለወስ በመሆኑ ቶሎ አይበላሽም፣ ጥቂቱም ያጠግባል። የወለጋው ሥራሥር አንጮቴ ደግሞ በካልሲየም የታወቀ ነው።

● ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ የተወዳደረችው በሩጫና በብስክሌት ብቻ ነበር። ከ12ቱ ስፖርተኞች አራቱ ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። በጎዳና የቡድን ውድድር 9ኛ ወጡ።

● ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016።

● አየርላንዳዊቷ ጸሐፊ ዴርቭላ መርፊ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአውሮፓ ሕንድ ድረስ በብስክሌት ሄዳለች። ጥቂት ዓመታት ቆይታ ኢትዮጵያን ስትጎበኝ ግን ብስክሌቱን ትታ በቅሎ መረጠች። የአገራችንን ተራራ ያየ አይፈርድባትም።

● ዛሬ ቢሆን ሌላ ምርጫ ነበራት። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2023 ከተሸጡት አዳዲስ ብስክሌቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባትሪ የሚታገዙ ነበሩ። ለጌዶ ዳገት የተፈጠሩ ይመስላሉ።

● በቤልጂየም ሊምቡርግ ብስክሌተኛው ካርታ ሳይዘረጋ ይጓዛል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ቁጥር አለው፤ የሚሄድባቸውን ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ መከተል ብቻ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ሁጎ ቦለን የከሰል ማዕድን መሐንዲስ ነበር።

● የጀርመን ብስክሌተኞች ማኅበር ለሆቴሎችና ለፔንሲዮኖች ምልክት ይሰጣል። ምልክቱን የሚያገኘው እንግዳን ለአንድ ሌሊትም ቢሆን የሚቀበል፣ ብስክሌት ተቆልፎ የሚያድርበት ክፍል፣ የራሰ ልብስ ማድረቂያ ቦታና የመጠገኛ መሣሪያ ያለው ቤት ነው። ኮከብ አይጠየቅም።

● በወለጋ መንገዶች በቅርብ ዓመታት የታየው የጸጥታ ችግር መንገደኛን ሁሉ አሳስቧል፤ ሰላም ከሁሉ ይቀድማል። እሱ ከጸና ግን የባኮም ሆነ የጊምቢ ፔንሲዮን ለብስክሌተኛ እንግዳ በሩን ለመክፈት የሚያስፈልገው አንድ የሚቆለፍ ክፍል፣ አንድ ፓምፕና ጥቂት መፍቻ ነው።