ንዳድ ዳገት ሲወጣ

በደቡብ ወሎ ምዕራብ በቦረና ምድር የምትገኘው መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዐባይ የሚያቆለቁል መንገደኛ ግን ብርዱን ከኋላው ትቶ ከቆላው ሐሩር ይገባል። ሺህ ሜትር በወረደ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምርበታል።

የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ማደርን ከጥንት ጀምሮ ይፈራል። ጉዳዩን ፈጽሞ ጀንበር ሳትጠልቅ ዳገቱን መያዝ የአባቶች ምክር ነበር። አባቶች ንዳድን የሚያመጣው የቆላ አየር ይመስላቸው ነበር እንጂ ትንኟን አላወቋትም። ሆኖም ምክራቸው ትክክል ነበር፤ የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና።

ደጋውን ከንዳድ የጠበቀው ምን ይሆን? ትንኝ የሕመምተኛ ደም በመጠጠችበት ሰዓት በሽታውን አታስተላልፍም። የወባው ተሐዋስ አስቀድሞ በሰውነቷ ውስጥ ማደግ አለበት። ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ ገደማ ሲያንስ፣ ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ ዓይነት ዕድገቱ ይጓተትና ትንኟ ቀድማ ትሞታለች። እንግዲህ የደጋው ቅጥር ተራራው ራሱ ሳይሆን ጥቂት የሙቀት ዲግሪ ነው ማለት ነው።

ይህ ቅጥር እንደሚፈርስ አገራችን በብርቱ ኀዘን ተምራለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ፣ ዝናቡና ሙቀቱ ከወትሮው በልጦ ሳለ፣ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳላቸው አገሮች ወጣ። በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ሰው ሞተ። የደጋው ሰው ሰውነት በሽታውን ስላልለመደ መቋቋም አልቻለም። በተከታዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚህ ዕልቂት በኋላ ነው።

በዚያው አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ የተመዘገቡ ሕመምተኞችን መርምሮ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አስረድቷል። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ፣ ጥቅምት ሳያልቅ፣ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ የወባ ሕመምተኛ መመዝገቡንና ከ1,100 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል።

ታዲያ በደጋ ከተማ የተመደበ ወጣት የጤና ሠራተኛ ወይም የወረዳ ሹም ምን ያድርግ? አጎበር የማደልና ቤት የመርጨት ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲመራ የኖረው 2,000 ሜትር በሚለው መስመር ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ሰው አጎበርም የለው፣ በሽታውንም አይጠረጥር። ስለዚህ ትኩሳት ይዞት የመጣውን ሁሉ፦ «ሰሞኑን የት ሰንብተህ መጣህ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዐባይ በረሓ ወይም ከመተማና ከሑመራ የሰሊጥ እርሻ የተመለሰ ቢሆን፣ በሽታውን ከዚያ ይዞት መጥቶ ይሆናል። ደሙንም መመርመር ግድ ነው፤ በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ በደጋም ይገኛሉና ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን መልሱ በመዝገብ ይጻፍ። ቆላ ውለው ካደሩ ሠራተኞች መካከል አሥሩ ቢታመሙ የተለመደ ነገር ነው። ከእናቱ ጉያ ርቆ የማያውቅ አንድ የደጋ ሕፃን በወባ ቢታመም ግን፣ ንዳዱ ዳገቱን ወጥቶ ከደጃፍ ደርሷል ማለት ነው። ያ አንድ ስም በመዝገቡ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ከቀረ ማስጠንቀቂያው ጠፋ። ተለይቶ ተጽፎ በጊዜው ለበላይ አካል ከደረሰ ግን አጎበሩም መድኃኒቱም ከሞት ቀድሞ ይደርሳል። ወጣት ሆይ፣ መዝገብ መያዝ ተራ የጽሕፈት ቤት ሥራ አይምሰልህ፤ የደጋው ዘብ አንተ ነህ።