ያውቁ ኖሯል? አንጎል ያዘዘው እግር ሳይደርስ ሲቀር

  በጣና ሐይቅ ዳር ያሉት ደምቢያና ፎገራ ሰው በፈቃዱ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያስተምር ክፉ ታሪክ አላቸው። ታሪኩ ጓያ የተባለው እህል የሚያመጣው የእግር ሽባነት ነው።

ያውቁ ኖሯል? አንድ እርምጃ ለመራመድ ሲያስቡ ትዕዛዙ ከአንጎል ተነስቶ በህብለ ሰረሰር ይወርዳል። በዚያም ሌላ የነርቭ ሴል ተረክቦ ጡንቻው ዘንድ ያደርሰዋል። አብዛኞቹ የትዕዛዝ ክሮች አንገት ሳይደርሱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሻገራሉ። ቀኝ እግርዎን የሚያዘው የግራው የአንጎል ክፍል የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ትንሹ አንጎል ከጠቅላላው አንጎል ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ቢሆንም ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የነርቭ ሴሎች ይይዛል። ሥራው እንቅስቃሴን ማስተካከል ነው፤ እርሱ ሲጎዳ ሰው ይንገዳገዳል።

ጓያ የሚመታው ግን ያንን የትዕዛዝ መንገድ ነው። በውስጡ ያለው መርዝ ነርቮች የሚነጋገሩበትን ግሉታሜት የተባለ ኬሚካል ስለሚመስል ሴሉን ከልክ በላይ ያነቃቃዋል ተብሎ ይታመናል። ጓያ ድርቁንም ጎርፉንም ችሎ ስለሚያፈራ ሌላው እህል ሲጠፋ ለገበሬው የሚተርፈው እርሱ ብቻ ነው። ለሁለትና ሦስት ወራት ዋና ምግብ ከሆነ ግን እግር ይያዛል።

ያውቁ ኖሯል? በጓያ የተያዘ እግር ይገትራል እንጂ አይዝልም። አንጎል ከማዘዝ ሌላ ይገታልም፤ ህብለ ሰረሰር በራሱ ጉልበት ጡንቻን እንዳያኮማትር ልጓም ይይዛል። ያ ልጓም ሲበጠስ ጉልበትን በመዶሻ ሲነኩት እግር ከመጠን በላይ ይስፈነጠራል። ታማሚው ሲራመድ ተረከዙ መሬት አይነካም፤ በጣቶቹ ይቆማል፣ ጉልበቶቹ እርስ በርስ ይተሻሻሉ፣ እግሮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ሐኪሞች የበሽታውን ደረጃ የሚለዩት በምርኩዝ ነው፦ ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በአንድ ምርኩዝ፣ በሁለት ምርኩዝ፣ በመጨረሻም የሚዳህ። እግሩ ግን ስሜቱን አያጣም፤ አእምሮውም ደህና ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሰውየው ሁሉን እያወቀ፣ ሁሉም እየተሰማው፣ ትዕዛዙ ብቻ አይደርስለትም። በሽታው ከሴቶች ይልቅ ወጣት ወንዶችን ያጠቃል፤ አንዴ ከያዘ አይመለስም።

ሰዓሊው ጎያ በስፔን ጦርነት ጊዜ የተራቡ ሰዎች ይህን እህል ሲበሉ ስሏል። በ1942 እ.ኤ.አ. በቫፕኒያርካ የእስረኞች ካምፕ ታሳሪዎቹ ጓያ እየተሰጣቸው ሽባ ሆነዋል፤ በሽታውን የለየው አብሯቸው የታሰረው ዶክተር አርተር ኬስለር ነበር።

በእኛም ዘንድ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድርቅ በመታው በወሎ ደላንታ ዳውንት ወረርሽኙ ተነስቶ ነበር። ኢትዮጵያዊው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ይህን በሽታ ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። አንዳንድ ገበሬዎች በሽታው የሚይዘው ጓያ ሲቀቀል በሚወጣው እንፋሎት ነው ይሉ ነበር። እውነተኛው መንገድ ግን በአፍ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ኢትዮጵያ ውስጥ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው የጓያ ንፍሮና እሸት አደጋውን ሲያብሱ፣ ጓያውን ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ይቀንሰዋል። በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ወይም ቀቅሎ ውሃውን መድፋትም መርዙን ያሳንሳል። በድርቅ ወቅት የጤፍ ወይም የስንዴ እርዳታ ለጓያ አብቃዮች ቀድሞ መድረስ ያለበት ለዚህ ነው፤ ጓያው ብቻውን ገበታ ላይ ከቀረ በኋላ የሚመጣ እርዳታ የተያዘውን እግር አይፈታም።