«የሌቦች ቋንቋ» በአማርኛ ምን ይባል?
በምናባዊ የሚና ጨዋታ ስላለው የቋንቋ አጥርና ስለ ስያሜዎቹ

የሚና ጨዋታ የምንለው ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ የጨዋታ መሪ በሚዘረጋላቸው ምናባዊ ዓለም ውስጥ በቃል የሚመላለሱበትን፣ አጠራጣሪውንም ነገር ዳይስ ጥለው የሚቆርጡበትን ጨዋታ ነው። ከዚህ ዐይነቱ ጨዋታ ቀዳሚው ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ያወጡት «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ደንቡን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ብዙ የሚቸገረው በአውሬውና በመሣሪያው ስም ይመስለው ይሆናል። እኛ እንደምናየው ግን የከበደው ችግር ያለው በቋንቋዎቹ ስም ላይ ነው።

በ1974ቱ ደንብ መሠረት አብዛኛው የሰው ልጅ የሚናገረው አንድ የጋራ ቋንቋ አለ። መናገር የሚችሉ ሌሎች ፍጥረታት የየራሳቸው ቋንቋ ሲኖራቸው፣ ከእነርሱ 20 በመቶ የሚሆኑት የጋራውንም ያውቃሉ። ይህን የጋራ ቋንቋ «የወል ቋንቋ» ብንለው ይበቃል። «የሥራ ቋንቋ» ማለት ግን አይገባም፤ ይህ ስያሜ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 የተወሰነ ሕጋዊ ፍች የተሰጠው ነውና። ለሥርዓት ወገን አንድ፣ ለሁከት ወገን አንድ፣ ለመካከለኛውም እንዲሁ አንድ ቋንቋ የሚሰጠው ድንጋጌ ደግሞ ለቋንቋ ተመራማሪ ከማስገረም አልፎ የሚያስተምረው ነገር የለም።

ዋናው ጉዳይ «የሌቦች ቋንቋ» የሚባለው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛው እትም እንደሚገልጸው፣ ይህ ቋንቋ የአነጋገር ዘዬ፣ የሙያ ቃልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ምስጢርን በተራ ጭውውት ውስጥ ለመደበቅ ያገለግላል፤ መልእክቱን ለማስተላለፍም በግልጽ ከመናገር አራት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ደንቡ ይህን ሁሉ በአንድ ስም ጠቅልሎታል። የአማርኛ ተናጋሪ ግን እነዚህን ነገሮች ለይቶ ያውቃቸዋል፤ አንዱን የያዘ ሁሉ ሌላውን የያዘ አይደለም። ስለሆነም ተርጓሚው ስያሜ ከመምረጡ በፊት ልዩነቱን መመርመር ግዴታው ነው።

ምሳሌዎቻችንን በአንድ ቦታ ለመሰብሰብ ያህል፣ የጨዋታው መሪ ዓለሙን በደቡብ ጎንደር፣ በታች ጋይንት፣ በአርብ ገበያ መሠረተው እንበል። ተጫዋቾቹ አንድ ከስማዳ የመጣ ነጋዴ፣ አንድ አዝማሪና አንድ የቆሎ ተማሪ ሆነዋል። ሦስቱም አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። በደንቡ መሠረት ሁሉም የወል ቋንቋውን ስለሚያውቁ በመካከላቸው አጥር ሊኖር አይችልም። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም።

በመጀመሪያ የወፍ ቋንቋ አለ። ልጆች የሚጫወቱበት፣ አንዳንዴም አዋቂዎች በልጆች ፊት የሚሸሸጉበት ይህ አነጋገር በብዙ ዐይነት ይገኛል። አንደኛው ዐይነት ከእያንዳንዱ ቀለም በኋላ የዚያኑ ቀለም አናባቢ የያዘ የ«ዘ» ድምፅ ያስገባል፤ ስለዚህ «ና» የሚለው «ናዛ»፣ «ገበያ» የሚለውም «ገዘበዘያዛ» ይሆናል። የዚህ አጥር ጽናቱ በፍጥነቱ ላይ ብቻ ነው። ሕጉን ያወቀ ሰው አንድም ቃል ሳያጠና ጠቅላላውን ያውቃል፤ ጆሮው እስኪለምድ ጥቂት ቀን ቢቸገር ነው።

ሁለተኛው የአዝማሪዎች ቋንቋ ነው። ይህ በሕግ የሚፈታ ሳይሆን ቃል በቃል የሚጠና ነው። ቮልፍ ሌስላው በ1952 እ.ኤ.አ. ስለ አዝማሪዎች ባሳተመው ጥናትና በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣው የኢትዮጵያ የምስጢር ቋንቋዎች መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ የአረፍተ ነገሩ አወቃቀር የአማርኛ ነው፤ የሚለወጠው የስሙና የግሱ ሥር ነው። ከአማርኛው ሥር ድምፅ እየጨመሩ፣ የመጨረሻውን ተነባቢ እየደገሙ፣ ፍቹን እያዞሩ፣ አንዳንዴም ከሌላ ቋንቋ እየተዋሱ አዲስ ቃል ያበጃሉ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለጨዋታው መሪም ሆነ ለተርጓሚው ትልቅ ቁም ነገር ነው። የስማዳው ነጋዴ በአዝማሪዎቹ አጠገብ ቢቆም ጆሮው የሚይዘው «የ . . . ው ሰውዬ ለእኛ አል . . . ልንም» የሚል ይሆናል። ስለ አንድ ሰውዬ እንደሚነጋገሩ፣ ሰውዬው የአንድ የታወቀ ነገር ባለቤት እንደሆነ፣ ለእነርሱም አንድ ነገር ሳያደርግላቸው እንደቀረ ይሰማል። ነገሩ ምን እንደሆነ፣ ምንስ እንዳላደረገ ግን አያውቅም። ይኸውም ከፍጹም ድንቁርና ይልቅ የሚያስጨንቅ ነው፤ ምናልባት የሚታማው እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላልና። የጨዋታው ደንብ ቋንቋን «ያውቃል» ወይም «አያውቅም» ብሎ በሁለት ሲከፍል፣ የአርብ ገበያው ሰው የሚገኘው በሁለቱ መካከል ነው። የጨዋታው መሪም «አልገባህም» ብሎ ከማለፍ እንዲህ ያለውን የተሸነቆረ አረፍተ ነገር ለተጫዋቹ ቢሰጠው ጨዋታውም ይጣፍጣል፤ ለቋንቋውም ጠባይ ታማኝ ይሆናል።

ሦስተኛው ሰምና ወርቅ ነው። በዚህ አነጋገር የተለወጠ ድምፅ ወይም የተተካ ቃል የለም። የቆሎ ተማሪው ወደ ነጋዴው ጠጋ ብሎ «እንግዳችን ትናንት ማታ አርፏል» ቢለው፣ የሚሰማው ገበያተኛ ሁሉ እንግዳው ማደሪያ እንዳገኘ ይረዳል፤ ምስጢሩን የሚያውቀው ነጋዴ ግን እንግዳው መሞቱን ይሰማል። የወፍ ቋንቋም የአዝማሪም ቋንቋ «እየተደበቅሁ ነው» ብሎ ራሱን ሲያጋልጥ፣ ኅብረ ቃል መደበቁንም ይደብቃል። የአምስተኛው እትም ደንብ ምስጢር በተራ ጭውውት ውስጥ ይደበቃል ሲል፣ አራት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል ሲልም፣ የሚገልጸው ይህንን ነው። የሚናገረው ሰው ሰሙን እስኪያበጅ ጊዜ ያስፈልገዋልና።

እንግዲህ ስያሜውን ስንመርጥ፣ የምስጢር መልእክቱ በተራ ንግግር ውስጥ በሚሸፈንበት አንቀጽ «የኅብር አነጋገር»፣ አንድ ማኅበር ወይም የሙያ ወገን የራሱን ቃላት በሚጠቀምበት አንቀጽ «የምስጢር ቋንቋ» ይባል እንላለን። «የወፍ ቋንቋ»ን ለዚህ መዋስ ስሕተት ነው። «የአራዳ ቋንቋ» የሚለውም አይስማማም፤ የአራዳ ቃል የሚነገረው እንዲሰማና እንዲወደድ ነው፤ ብዙው ውሎ አድሮ የሁሉ ይሆናል።

በዚህ አጋጣሚ ከሚና ጨዋታ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበውን የጎንደርን የዛር ሥርዓት ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. በጎንደር፣ በአባ ጄሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት፣ የዛር ባለሙያዎችን ንግግር ሲመዘግብ ቆይቶ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የሥርዓቱን የቲያትር ገጽታ መረመረ። ሌስላውም በ1949 እ.ኤ.አ. ዛር የያዛቸው ሰዎች የሚናገሩትን ልዩ ቋንቋ አጥንቷል። ሰውየው ሌላ ባሕርይ ሲላበስ አነጋገሩም አብሮ መለወጡ ከገጸ ባሕርይ አያያዝ ጋር የሚመሳሰል ነው። ሆኖም ለሥርዓቱ ተካፋዮች ነገሩ ጨዋታ አይደለምና፣ ተርጓሚው ስያሜ ሲዋስ ይህን ያስብበት።

ከስያሜው ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ጉዳይ አለ። የጨዋታ ጸሐፊ ወይም ተርጓሚ ለገጸ ባሕርዩ እውነተኛ የአዝማሪ ቃላትን ለመስጠት ቢፈልግ ከታተሙት ጥናቶች ሊያገኛቸው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ግን አንዱንም አልጠቀስንም፤ ሆን ብለን ነው። አዝማሪው በሠርግ ቤት ከባልንጀራው ጋር ስለ ሽልማቱ በሰው ፊት የሚማከርበት ቃል የሙያው መሣሪያ ነው፤ ሁሉ ያወቀው ዕለት ይሰበራል። ቃላቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዳይጠፉ ማተም ያሻል የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። የእኛ አስተያየት ግን መመዝገብንና ማሠራጨትን መለየት ነው። ምዝገባው በተናጋሪዎቹ ፈቃድ ይካሄድ፤ ለሕዝብ በሚሸጥ መዝገበ ቃላት ውስጥ ግን የቃላቱ አመሠራረት ይገለጥ እንጂ ዝርዝራቸው አይግባ። ለጨዋታው ጸሐፊም የሚጠቅመው አመሠራረቱ ነው። ተነባቢ በመድገምና ፍች በማዞር የራሱን ቃላት ቢፈጥር ማንንም ሳይጎዳ የአማርኛ ጠባይ ያለው የምስጢር ቋንቋ ያገኛል።

በመጨረሻ የቀረው አንድ ስም ነው። በ1974ቱ ደንብ ባዕድ ጽሑፍን፣ በተለይም የተደበቀ ሀብት የሚያመለክት ካርታን፣ ለማንበብ የሚያስችል ድግምት አለ፤ ስሙ ቃል በቃል ሲመለስ «ቋንቋ ማንበብ» ይሆናል። ይህ አተረጓጐም በጋይንት አይሠራም። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔም በምትገኝበት አገር ልጅ ዳዊቱን በግእዝ አቀላጥፎ ደግሞ ፍቹን ሳያውቅ ሊያድግ እንደሚችል ሁሉ ያውቃል፤ ንባብ ሌላ፣ ትርጓሜ ሌላ ነው፤ ለእያንዳንዱም የተለየ ጉባኤ አለው። የእኛ ገጸ ባሕርይ የሆነው የቆሎ ተማሪ ካርታውን ያለ ድግምት ሊያነበው ይችላል፤ ያጣው ፍቹን ነው። ስለዚህ ድግምቱን «ፍች ገላጭ» ብንለው ይሻላል።