ብረት መግፋትና ክብደት ማንሳት አንድ አይደሉም

የልጅ ልጅ ማታ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲወጣ «ወዴት ነው?» ቢባል፣ በብዙ ቤት መልሱ «ሐደር ኮሼር» ነው። አያቶችም «ብረት ሊገፋ ነው» ብለው ይተዉታል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው፤ ልጁ የሚሄደው መስታወት ፊት ቆሞ ደረቱንና ክንዱን ሊያሳብጥ ነው። አንዳንዱ ልጅ ግን «እኔ የምሠራው ሃራማት ሚሽኮሎት ነው» ይላል። ያ ሌላ ነገር ነው። በአማርኛ ክብደት ማንሳት የሚባለው፣ በመጀመሪያው የ1896 የአቴንስ ኦሎምፒክ ላይ የነበረ፣ ዳኛም ሰዓትም ጥብቅ ሕግም ያለው ስፖርት ነው። የክንድ ማማር እዚያ ቦታ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ብረቱ ከራስ በላይ ወጥቶ ቀጥ ብሎ መቆሙ ብቻ ነው።

እህል የጫነ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። የሞላ ጆንያ ከመሬት አንስቶ መኪና ላይ ለመጫን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ «በል አንሳ!» ይባባላል። ጠንካራ ጎረምሳ ብቻውን ቢሸከመው እንኳን በጀርባው ነው እንጂ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አይደለም። የጆርጂያው ላሻ ታላካድዜ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ታሽከንት ላይ በአንደኛው አነሳስ 225 ኪሎ፣ በሁለተኛው 267 ኪሎ ከራሱ በላይ አቁሟል። ሁለት ኩንታል ተኩል ያለፈ ማለት ነው፣ ያውም ለብቻ።

አነሳሱ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ስናች ይባላል፤ ብረቱ ከመሬት ተነስቶ ሳያርፍ በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ ይወጣል። ሁለተኛው ክሊን ኤንድ ጀርክ ነው፤ መጀመሪያ ብረቱ ትከሻ ላይ ያርፋል፣ ሰውየው ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ከዚያ በእግሩ ጉልበት ወደ ላይ ይወረውረዋል። ለማያውቅ ሰው ሁለቱም የክንድ ሥራ ይመስላሉ። ሥራው ያለው ግን በእግርና በወገብ ነው፤ ትልቁ ምስጢር ደግሞ ፍጥነት ነው። ብረቱ ያን ያህል ከፍ ብሎ አይወጣም፤ ሰውየው ነው ከሥሩ የሚገባው። ብረቱ በአየር ላይ ባለበት በዓይን ጥቅሻ ቁጢጥ ብሎ ሥሩ ይገባና ተቀብሎት ይነሳል። ስለዚህ ነው ይህ ስፖርት ከአንበሳ ጉልበት ይልቅ የድመት ቅልጥፍና የሚፈልገው። ጀማሪ ልጅም ብዙውን ጊዜ የሚለማመደው በባዶ ዱላ ነው።

ውድድሩ እንዲህ ይሄዳል። ተወዳዳሪዎች በሰውነት ክብደት ይከፈላሉ፣ 60 ኪሎ የሆነ ሰው ከ100 ኪሎ ሰው ጋር አይጋጠምም። ሚዛን ላይ የሚወጡት ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው። በእያንዳንዱ አነሳስ ሦስት ሙከራ አላቸው፤ ከሁለቱም አነሳስ የተሻለው ተደምሮ ነው አሸናፊው የሚለየው። በስናች ሦስቱንም የሳተ ሰው ድምር የለውም፣ የዓመት ድካሙ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ስሙ ከተጠራ በኋላ ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ሦስት ዳኞች ይቀመጣሉ፤ ነጭ መብራት ተነስቷል፣ ቀይ መብራት አልተነሳም ማለት ነው። ሁለት ነጭ ይበቃል። ክንዱ ታጥፎ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ተገፍቶ ቢቀና፣ ወይም ዳኞች «አውርድ» ሳይሉ ብረቱን ቢለቅ አይቆጠርለትም።

ሽማግሌ ተመልካችን የሚያስደስተው ግን ሌላው ነገር ነው፣ የቁጥር ጨዋታው። በእያንዳንዱ አነሳስ ብረቱ ላይ ያለው ክብደት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ትንሽ የጠየቀ ቀድሞ ያነሳል፣ ብዙ የጠየቀ ይቆያል። አሠልጣኞቹ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው የባላጋራቸውን ቁጥር እያዩ የራሳቸውን ይቀያይራሉ፤ አንዱ 140 ሲል ሌላው 141 ይላል፣ ያኛው መልሶ 142። ፍጹም የገበያ ድርድር ነው። ጉራ ያበዛ ብረቱ ይጥለዋል፣ ፈሪም ከሚችለው በታች አንስቶ በአንድ ኪሎ ይሸነፋል።

በዚህ ስፖርት ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ይነገር ቢባል ናይም ሱሌይማኖግሉ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ47 ሳንቲም ነበር። የተወለደው ቡልጋሪያ ውስጥ ከቱርክ ወገን በሆነ ቤተሰብ ነው፤ ገና በ15 ዓመቱ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የቡልጋሪያ መንግሥት በ1980ዎቹ የቱርክ ወገኖችን ስም በግድ ወደ ቡልጋሪያኛ ሲቀይር ናይምም «ናኡም ሻላማኖቭ» ተባለ። በመርካዝ ክሊታ ጠረጴዛ ፊት ከአባት የወረሰው ስም ተቀይሮለት የወጣ ሰው ይህን ለመረዳት አስረጂ አያስፈልገውም። ናይም በ1986 መጨረሻ ሜልቦርን ላይ ለውድድር ሄዶ ከቡድኑ ጠፋና ወደ ቱርክ ገባ፣ ስሙንም መለሰ። ለቱርክ በ1988 ኦሎምፒክ እንዲወዳደር የቡልጋሪያ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ቱርክ ለዚህ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለች።

ሴኡል ላይ የሆነው ገንዘቡን የሚያስረሳ ነው። ናይም በ60 ኪሎ ክፍል በስናች 152.5፣ በክሊን ኤንድ ጀርክ 190 ኪሎ አነሳ፣ ድምሩ 342.5። ከራሱ ክብደት ከሦስት እጥፍ በላይ ከራሱ በላይ አወጣ ማለት ነው። ሁለተኛ የወጣው ስቴፋን ቶፑሮቭ ከቡልጋሪያ ነበር፣ በ30 ኪሎ ተበልጦ። ከእሱ በላይ ባለው የ67.5 ኪሎ ክፍል ወርቅ የወሰደው ሰው እንኳን ድምሩ 340 ነበር። ናይም በ1992 እና በ1996 ወርቁን ደገመ፤ በ2017 በ50 ዓመቱ አረፈ።

የናይምን ቁመት ያየ አያት «ልጁን ብረቱ አስቀረው» ሊል ይችላል። ይህ ፍርሃት በሰፊው አለ፣ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። አጭር ሰው ብረቱን የሚያነሳበት ርቀት አጭር ስለሆነ ይህ ስፖርት ይመቸዋል። የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበራት በዕውቀት የሚሠራ አሠልጣኝ አጠገቡ ካለ የልጅ ቁመት በክብደት ልምምድ እንደሚቀር ማስረጃ የለም ይላሉ። የሚጎዳው ሌላ ነው። ልጅ ለብቻው ሆኖ ጓደኛውን ለማሸነፍ ያልለመደውን ክብደት ሲያነሳ ወገቡና ትከሻው ይጎዳል። ሚዛን ላይ ለመቅለል ብሎ ምግብና ውሃ መተውም አለ፤ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ይህን እንዲያደርግ የሚነግረው አሠልጣኝ ካለ አያት ቆጣ ቢል ያምርበታል።

ለሴት ልጆችም በሩ ክፍት ነው። እንስራ አዝለው ዳገት የወጡ እናቶች ጥንካሬ የወንድ ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር፤ ኦሎምፒክ ግን ሴቶችን በክብደት ማንሳት የተቀበለው በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። የእነሱ ባዶ ብረት 15 ኪሎ፣ የወንዶቹ 20 ኪሎ ነው።

የስፖርቱ ትልቁ ነውር አበረታች መድኃኒት፣ ዶፒንግ የሚሉት ነው። መሸፋፈን አይገባም። በዚያው በ1988 ሁለት የቡልጋሪያ ወርቅ አሸናፊዎች ተይዘው ሜዳሊያቸው ተነጠቀ፣ ቡድኑም ጥሎ ወጣ። በ2017 ሩሲያንና ቻይናን ጨምሮ ዘጠኝ አገሮች ለአንድ ዓመት ታገዱ። ዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን ለሃያ ዓመት የመሩት ታማሽ አያን በ2020 ሥልጣን ለቀቁ፤ የተካሄደው ምርመራ የተደበቁ የዶፒንግ ውጤቶችና የት እንደገባ ያልታወቀ ብዙ ገንዘብ እንዳለ አወጣ። በ2016 ኦሎምፒክ 15 የነበረው የሜዳሊያ ክፍል በ2024 ፓሪስ ላይ 10 ብቻ ሆነ። ስለዚህ ልጁ በጣሳ ዱቄት ወይም በብልቃጥ መድኃኒት ይዞ ቤት ሲገባ «ይሄ ምንድን ነው? ማን ሰጠህ?» ብሎ መጠየቅ የኋላ ቀር ጥያቄ አይደለም። ትክክለኛው ጥያቄ ነው።

ስፖርቱ በእስራኤልም ሥር አለው። ኢየሩሳሌም ተወልዶ ለአሜሪካ የተወዳደረው አይዛክ በርገር፣ የረቢ ልጅ፣ በኋላም ሐዛን የሆነ፣ በ1956 ሜልቦርን ላይ ወርቅ ወሰደ። በዓመቱ በማካቢያ ውድድር እዚሁ አገር የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

ከዚያ ሙኒክ አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1972 የቤተ እስራኤል ወገን አብዛኛው ገና በጎንደርና በአካባቢው መንደሮች ነበር፤ ስለዚህ በየዓመቱ አሥራ አንዱ ሲታወሱ ስማቸውን ከነሥራቸው የማያውቅ ሽማግሌ ብዙ ነው። ከአሥራ አንዱ አራቱ የዚህ ስፖርት ሰዎች ነበሩ። ዮሴፍ ሮማኖ ሊቢያ ቤንጋዚ የተወለደ፣ በልጅነቱ ወደ እስራኤል የመጣ፣ የሦስት ሴቶች ልጆች አባት ነበር። በውድድሩ ጉልበቱ ተጎድቶ በክራንች ይሄድ ነበር፤ ታጣቂዎቹ ሲገቡ ግን ታገላቸው፣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ገደሉት። ዴቪድ በርገር ከአሜሪካ ኦሃዮ የመጣ የሕግ ምሩቅ ነበር። ዘኤቭ ፍሪድማን ሳይቤሪያ ተወልዶ የመጣ፣ በዚያ ኦሎምፒክ በክብደቱ ክፍል 12ኛ የወጣ ነበር። ያኮቭ ስፕሪንገር ከፖላንድ የመጣ ዳኛ ነበር። አራቱም ሌላ አገር ተወልደው ወደ እስራኤል የገቡ ዓሊም ናቸው።

ሙኒክ ፕሬስ የሚባለው ሦስተኛው አነሳስ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ኦሎምፒክም ነበር፤ ዳኞች ማን በሕጉ እንዳነሳ፣ ማን ወገቡን ወደ ኋላ ለጥጦ እንዳጭበረበረ መለየት ስላቃታቸው ተሰረዘ። ከአራት ዓመት በኋላ በሞንትሪያል 1976 ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ኤድዋርድ ዋይትዝ እስራኤልን ወክሎ በሁለቱ አነሳስ ተወዳደረ። በ60 ኪሎ ክፍል አምስተኛ ወጣ።